ድሬዳዋ ያልሄድሽበት ዓመት

ለእናቴ ለአልማዝ፤

እማዬ፣ ከተለየሽን ዓመት አለፈ። የሙት ዓመት ተዝካርሽን ያወጣነው በቅርቡ ነው፤ ያውም ከቤታችን ሳይሆን ከእትዬ አስካለ ግቢ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። ለምን እንደዚያ እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ይህን የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። አንቺ ነገር ሲንዛዛ አትወጂም ነበር። ልምምድ ላይ አንዱ ልጅ ቃሉን ጎተት ሲያደርገው አጨብጭበሽ ወደ ነገሩ ግባ ትዪው ነበር። ዛሬ ግን እኔን ትንሽ ታገሺኝ። ዓመት ሙሉ ወደ ነገሩ መግባት አቅቶኝ ነው የከረምኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ጣራው አሁንም በጓዳ በኩል ያፈሳል። ባቡሩ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይመጣል ሲሉት ይቀራል፣ ቀረ ሲሉት ደግሞ ፉጨቱን እየለቀቀ ከች ይላል። ፋብሪካው ብዙ ሰው ቀንሷል። እኔን እስካሁን አልነኩኝም፤ አንቺ በነበርሽበት ክር ክፍል እንዳለሁ ነኝ። ያስተማርሽበት የቀበሌ አዳራሽ ግን መጋዘን ሆኗል። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ባይ፣ መድረኩ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት እስከ ጣራው ድረስ ተደርድሯል። ልጆቹ ጭቃ ጫማ ይዘው እንዳይወጡበት ስትቆጪበት የኖርሽበት መድረክ ነው። ልገባ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ዓይኔን መልሼ መንገዴን ቀጠልኩ።

አባዬ እንደተኛ ነው። ግራ ጎኑ አንቺ ስትወጪ እንደነበረው ነው፣ አይታዘዘውም። እኔ ሥራ ስውል እትዬ አስካለ አጥሩን ዞር ብለው እየመጡ ያዩታል። ውኃ ያጠጡታል፣ ያገላብጡታል። እንደ እሳቸው ያለ ጎረቤት እግዜር ለጠላቴም አይንፈገው።

ያን ቀን ጠዋት የአባዬን ትራስ አስተካክለሽ፣ ሻርፕሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ወጣሽ። ለበዓል የሚታየውን ቴአትር ልጆቹን ልታለማምጂ ነበር። ከዚያ ወደ ቤት አልተመለስሽም። መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለሽ አንዷን ልጅ ስታርሚ ደረቴን አልሽና ወደ ጎን አዘነበልሽ አሉኝ። ልጆቹ ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቡሽ። ከተማ ሆስፒታል ሲደርሱ ግን ነገሩ አልቆ ነበር። ስለ አሟሟትሽ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ።

ሬሳሽ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን ሽማግሌዎቹን ሰብስበው እትዬ አስካለ ቤት ቁጭ አሉ። የሚነጋገሩት ስለ ቀብርሽ አልነበረም፣ ስለ አባዬ ነበር። ሐኪሙ ድንጋጤ ከነካው አይተርፍም ብሎ ነበር፤ ይህን ሲል አንቺም አጠገቤ ቆመሽ ሰምተሻል። ስለዚህ መርዶው ይቆይ ተባለ። በሽተኛ መርዶ አይነገረውም፤ ጠንከር ሲል በማለዳ ተሰብስበን እናረዳዋለን አሉ። አዲስ ነገር አይደለም፣ በየቤቱ የሚደረግ ነው። የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ በእኛ መንገድ እንዳያልፍ ተነገረው። ድንኳንሽ ከደጃችን ሳይሆን ከሐዲዱ ማዶ ተተከለ። ለቀስተኛው በእኛ በር ሲያልፍ ድምፁን ዋጥ እያደረገ ነበር የሚያልፈው።

ታዲያ ሚስቱ የት ሄደች ሊባል ነው? መላውን ያመጡት ጋሽ መኮንን ናቸው። ድሬዳዋ ሄደች እንበለው አሉ። እዚያ ያሉ ልጆች ቴአትር እንድታስተምራቸው ጠርተዋት፣ ባቡሩ ሊሄድ ሲል ደርሳ ሳትሰናበተው ተሳፈረች። ሁሉም ይሁን አለ፣ ድሮስ ትሄድ አልነበረም ወይ ተባባሉ። እኔ ከለቅሶው ብዛት ናላዬ ዞሮ ነበር፤ አንገቴን ነቀነቅኩ። እማዬ፣ በዓለም ላይ ካሉት ውሸቶች ሁሉ ለአባዬ የማይነገረውን አንዱን መርጠው ነገሩት።

የማይነገረው ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ከሥሩ ማሰብ እፈልጋለሁ፣ ስለዚህ አንቺኑ ስለ አንቺ ልንገርሽ።

የጀመርሽው እዚሁ ፋብሪካ ነው። ለሠራተኞች በዓል ድራማ ሲዘጋጅ ሴት ጠፍቶ፣ አንዱ ወንድ ቀሚስ አጥልቆ ሊጫወት ሲል፣ አንቺ ከማሽንሽ ተነሥተሽ ምነው እኛ አለን አይደል እንዴ አልሽ። አባትሽ አዝማሪ ወለድኩ ብለው ደጃቸውን እንዳትረግጪ ከለከሉሽ። አንቺ ግን አንዴ ቀምሰሽዋል፤ አልተውሽውም። በሃያ ዓመትሽ አሮጊት ሆነሽ ተጫወትሽ። ከጆንያ በተሰፋ ካባ ንግሥት ሆንሽ። ቤት ውስጥ ልብስ እያጠብሽ እርግማን ስታጠኚ፣ እትዬ አስካለ ከአባዬ ጋር የተጣላሽ መስሏቸው ሊገላግሉ በሩጫ የመጡበት ቀን አለ። አባዬ ቤት ውስጥ እንኳ አልነበረም። ገበያ ስንሄድ ሽንኩርት ሻጮቹ የሚጠሩሽ በስምሽ ሳይሆን በተጫወትሽው ሰው ስም ነበር። አንዷማ መድረክ ላይ ምራትሽን ስላሰቃየሽ ቲማቲም አልሸጥልሽም ብላ አረፈች። ባዶ ዘንቢል ይዘን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እየሳቅሽ ነበር። ከዚያ የበለጠ ደስ ብሎሽ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አዳራሹ ሐዲዱ ዳር ስለነበር ባቡር ሲያልፍ አንድም ቃል አይሰማም። ሌሎቹ ተዋንያን ከባቡሩ ጋር ይጯጯኹ ነበር። አንቺ ግን ቃሉን ከመሃል ቆርጠሽ፣ ሐዘኑን ፊትሽ ላይ እንደያዝሽ ትጠብቂያለሽ። ተመልካቹም ትንፋሹን ውጦ አብሮሽ ይጠብቃል። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ከቆረጥሽበት ትቀጥያለሽ። ለተማሪዎችሽም መጀመሪያ የምታስተምሪው ይህንኑ ነበር፤ ባቡር ሲመጣ አፋችሁን ዝጉ እንጂ የምትሆኑትን ሰውዬ አትልቀቁት ትያቸዋለሽ።

ይኸው ልማድሽ ነው ጉድ የሠራሽ። ከከተማው ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ወደ አንዱ ለፈተና ሄደሽ፣ ቃሉን እስከ ግማሽ እንዳልሽ አንድ ከባድ መኪና በውጭ እያጓራ አለፈ። አንቺ እንደለመድሽው ቃሉን ቆርጠሽ ጠበቅሽ። ፈታኞቹ ቃሉ ጠፋባት ብለው አመስግነው ሸኙሽ። ስታወሪው ታስቂን ነበር፣ ግን ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አካባቢ ፊትሽን አላዞርሽም። ያንቺ ከተማ በሐዲዱ ላይ ተዘረጋ፤ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ። ቡድናችሁ መጋረጃውን ጠቅልሎ በሦስተኛ ማዕረግ ይሳፈራል፤ በየጣቢያው ወርዶ በተገኘው አዳራሽ ያሳያል። ስትመለሺ ፀጉርሽ የድንጋይ ከሰልና የናፍጣ ይሸት ነበር።

አባዬ ደግሞ ኑሮው ሐዲድ መጠገን ነበር። ጓደኞቹ ሚስቱን የሚወስድበትን መንገድ ራሱ እየጠገነ እያሉ ያላግጡበት ነበር። ይስቃል፤ ውስጡ ግን አይስቅም። እኔ ልጅ ሳለሁ ያ ክረምት መጣ። አባዬ ወደ አዋሽ በኩል ለሥራ ተልኮ ሳለ፣ ቡድናችሁ በድንገት ድሬዳዋ ተጠራና አንቺ ሳትነግሪው ሄድሽ። በሳምንት ትመለሻለሽ ሲባል መስቀል አለፈ። ስምሽ ከዋናው ተዋናይ ጋር ተነሣ። እውነት ነው ወይም ውሸት ነው ብዬ አልጠየቅኩሽም፤ ዛሬም አልጠይቅሽም። እኔን እትዬ አስካለ ሲያበሉኝ፣ አባዬ ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ ይወርድ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል።

ስትመለሺ አልተሳደበም፣ እጁንም አላነሣብሽም። ከእንግዲህ ሳትነግሪኝ ከሄድሽ ለዘለዓለሙ ተውሽኝ ማለት ነው አለሽ። አንቺም በማርያም ምለሽ ቃል ገባሽለት። ቃልሽንም ጠበቅሽ። ከዚያ ወዲህ ሞጆ ለአንድ ቀን እንኳ ስትወርጂ ፊቱ ቆመሽ ሳትነግሪው ከቤት አልወጣሽም። ይህን መሐላ ከእናንተ ከሁለታችሁና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ መኮንን ከየት ይወቁት?

ከዚያ በኋላ ቡድኑም ተበተነ፣ አንቺም ወደ ማስተማሩ አዘነበልሽ። የፋብሪካ ልጃገረዶች ይመጡ ነበር፣ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ይመጡ ነበር። ከኮዬ ፈጬ በእግራቸው የሚመጡ የገበሬ ልጆችም ነበሩ። አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ሲል ሌሎቹ ይስቁባቸዋል፤ አንቺ ከአዳራሽ የምታስወጪው ግን ሳቂዎቹን ነበር። እኔን ገና በልጅነቴ ተስፋ ቆርጠሽብኝ በር ላይ ትኬት አስቆረጥሽኝ። ፊትሽ ውሸት አይችልም አልሽኝ። ስድብ መስሎኝ ስንት ጊዜ አኩርፌያለሁ።

እንግዲህ ይህች ፊቷ ውሸት የማይችል ልጅሽ ዓመት ሙሉ ተዋናይ ሆነች። ጠዋት በቀለም ልብስ ከቤት እወጣለሁ፤ እትዬ አስካለ ጋ ገብቼ ጥቁሬን እለብሳለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ እዚያው አውልቄው እገባለሁ። ፀጉሬን ለሐዘንሽ ስለተቆረጥኩ ቤት ውስጥ ሻሽ አልፈታም፤ አባዬ ምነው ሲለኝ ፎረፎር አስቸግሮኝ ነው አልኩት። ሊጠይቁት የሚመጡትን በር ላይ አስቁሜ አስጠናቸዋለሁ። ድሬዳዋ ናት፣ ደህና ናት፣ ሙቀቱ ተስማምቷታል በሉ እላቸዋለሁ። አንዳንዱ አባዬን ሲያይ እንባው ይቀድመዋል፣ ከዚያ ጉንፋን ይዞኝ ነው ይላል። ብታዪን አንዳችንንም ለመድረክ አታሳልፊም ነበር።

የአርባሽ ዕለት እትዬ አስካለ ከተዝካሩ ዳቦ ቆርሰው አመጡለት። ከየት ነው ሲል የጎረቤት ዝክር ነው አልነው። አጣጥሞ በላና ዳቦው መልካም ነው፣ ባለ ዝክሩን እግዜር ይስጠው አለ። ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ።

መጀመሪያ ላይ ይጠብቅሽ ነበር። ባቡር ከምሥራቅ በኩል ሲሰማ በሩን ክፈቱልኝ ይላል። ቀጥሎ መጠየቅ ጀመረ። ለምን አትደውልም፣ መኮንን ቤት ስልክ አለ አይደለም ወይ ይለኛል። ይህን የሰማች ተማሪሽ ገነት መጣች። ገነት ድምፅሽን ስታስመስል አንቺ ራስሽ ትደነግጪ ነበር። አባዬን በወንበር ተሸክመን ጋሽ መኮንን ቤት እንውሰደው፣ እኔ ከሳሪስ ደውዬ እንደ እሷ ሆኜ ላናግረው አለችኝ። ለበጎ ብላ ነው። ሁሉም ተስማማ፣ ወንበሩም ተመረጠ። እዚህ ላይ ግን እምቢ አልኩ። መድረክ መጋረጃ አለው፣ ተመልካች የት እንደሚያልቅ ያውቃል ትዪ ነበር። ይህ የት ሊያልቅ ነው? ገነት ተቀየመችኝ። ትቀየም።

ከዚያ መጠየቁን ተወ። እኔም ሞኝ፣ ለመደው ብዬ ደስ አለኝ። አልለመደውም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ንግሥት ሆነሽ የተነሣሽውን ፎቶ አውርጂልኝ አለኝ። ምነው ስለው ዓይኔን ወጋኝ አለ። በሌላ ቀን ልብሷን ለፈለገው ስጪ አለ። ስምሽን መጥራት ተወ፤ ያቺ ሂያጅ ይልሽ ጀመር። ሊጠይቁት ለሚመጡት፣ ጤነኛ ሳለሁ ቻለችኝ፣ ስወድቅ ጣለችኝ እያለ ያወራል። እነሱም ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጋሉ። ምን ይበሉ? ቀብርሽ ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ስምሽ ሲጎድፍ እሰማለሁ። አባዬን ጠላሁት እማዬ። አንሶላውን እያጠብኩ፣ እያጎረስኩት ጠላሁት። ምንም እንዳላጠፋ እያወቅኩ ነው።

ጋሽ መኮንን ጋ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ። አሁን ይነገረው ስላቸው፣ በአንድ ዓመት ሁለት ሬሳ ልታወጪ ነው ወይ ይሉኛል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደሙ በእጄ እንዳይሆን ብለው ፈርተው ነው። እኔም እሳቸውን ከመክሰስ በቀር ራሴ የምነግርበት ድፍረት አልነበረኝም፤ በመጣሁበት እመለሳለሁ።

በዚህ መሃል አባዬ በጣም ደከመ። ሐኪሙ አይቶት ከእንግዲህ በቤቱ ይሁን አለን። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባን፤ የንስሐ አባታችንን ጠራን። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጆሮ ልሰጥ ብዬ አይደለም፣ አባዬ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ያስቀየመኝን ሁሉ ይቅር ብያለሁ፤ ሚስቴን ግን አልልም፣ በሰማይ ባገኛትም አልላትም አለ። አባ ያንቺን ፍትሐት ያደረሱ ሰው ናቸው። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ፤ እንዲህ እንዳለ ላቆርበው አልችልም አሉኝ። ንገሪው ግን አላሉኝም። እሳቸውም ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል።

ያን ዕለት በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አባዬን ከሞት እናድናለን ብለን፣ ቃልሽን ጠብቀሽ የኖርሽዋን ሴት ቃል አፍራሽ አደረግንሽ። እሱም ቢነገረው ሊሞት ይችላል፣ ባይነገረውም መሞቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ አንቺን እየረገመ መሄዱ ነው። ይህን ያህል ለማወቅ ዓመት መፍጀቱ ይገርመኛል።

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም። ሽማግሌ አልጠራሁም፣ እትዬ አስካለንም አላማከርኩም። ጥቁር ልብሴን አምጥቼ እዚያው ጓዳችን ውስጥ ለበስኩት። ሻሼን ፈታሁ። ረፋድ ነበር፤ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ አልጋው ድረስ ደርሳለች። አባዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። የተቆረጠ ፀጉሬ ላይ ዓይኑ ቆመ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«እማዬ ናት።»

አልጮኸም። ደህናውን እጁን ይዤዋለሁ፤ ልቡ ቀጥ ትላለች ብዬ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነው።

«መቼ?»

«ያን ቀን። ልጆቹን ላለማምድ ብላ ከቤት የወጣች ዕለት።»

«ድሬዳዋስ?»

«ድሬዳዋ አልሄደችም አባዬ። የትም አልሄደችም። እንዳትደነግጥ ብለን እኛ ነን ያልንህ።»

ፊቱን እያየሁት ነበር። ዓመት ሙሉ የተቋጠረው ግንባሩ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ። ዓይኑን ወደ ጣራው አነሣና «ተመስገን» አለ። «ትታኝ አልሄደችማ።»

እማዬ፣ ይህን በምን ቃል ልጻፍልሽ? መሞትሽን ሰምቶ ደስ አለው። በዓይኔ አየሁት። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ከበሽታው በፊት እንኳ ያላየሁበት ሰላም ፊቱ ላይ ነበር። ምን እንዳለ ለራሱ የገባው ቆይቶ ነው። ከዚያ አፉ ተጣመመ፣ አንሶላውን ጨምድዶ ያዘ፣ ስምሽን ጠራ። ለረጅም ጊዜ ያልጠራውን ስምሽን ደጋግሞ ጠራ። በሽተኛ ሰው እንዲያ ማልቀስ ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። እትዬ አስካለ ድምፁን ሰምተው ነጠላቸውን እንኳ ሳይዙ መጡ።

ጋሽ መኮንንም ደረሱ። ሊቆጡኝ ነበር፣ አባዬን ሲያዩት ግን አጠገቡ ተቀመጡ። አባዬ ድንኳን ይተከልልኝ አላቸው። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም፣ የዕድሩ ደንብ አይፈቅድም አሉት። ይህን ካሉ በኋላ ግን አንገታቸውን ደፍተው ወጡና ራሳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዉን ጠሩ። አባዬን ከአልጋው አውርደን ፍራሽ ላይ በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው። ባለፈው ዓመት ያለቀሱልሽ ሁሉ እንደገና መጡ። አንዳንዱ እንባው አልወጣ ብሎት ፊቱን በነጠላ ይሸፍናል። አንዳንዱ ደግሞ ዓመት ሙሉ በእኛ በር ሲያልፍ የዋጠውን ያን ቀን አወጣው። ገነት መጥታ እግሩ ሥር ተደፋች። አባዬ እያንዳንዱን ስለ ቀብርሽ ይጠይቃል። ሰው በዝቶ ነበር ወይ? ተማሪዎቿ ነበሩ? ማን ተናገረላት? አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ነው የሸኛት ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት ይላል።

አባም ተመልሰው መጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ቆረበ። ሐኪሙ እንዳለው በድንጋጤ አልሞተም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እህል እምብዛም አይቀምስም። ሲነቃ ስለ አንቺ አውሪልኝ ይለኛል። ቲማቲም የተከለከልሽበትን ቀን ነገርኩት፤ ያን ታሪክ አያውቀውም ነበር። ሳቀ፣ ከዚያ ሳሉ ተነሣበት። ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም እማዬ። ፈርቻለሁ። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ልቀር ነው።

ይህን ደብዳቤ ጻፊላት ያለኝ እሱ ነው። ልብሷን ስጪ ያልኩሽን ባትሰጪ ኖሮ አለኝ፤ አልሰጠሁም ነበር፣ አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት። ምን ልበልልህ ስለው ሂያጅ ያልኩሽን ይቅር በይኝ በያት አለ። ሳትነግሪኝ አልሄድሽም፣ እኔ ነኝ ያላመንኩሽ በያት አለ። ወረቀቱን ይዤ ልነሣ ስል እጄን ያዘኝ።

«ያን ተመስገን ያልኩትን ግን እንዳትነግሪያት።»

እሺ አልኩት። ዋሸሁት፤ ይኸው ነገርኩሽ። ከሞተ ሰው ሊደበቅ የሚገባ ነገር ስላልመሰለኝ ነው። ሚስቱ ትታው ከምትሄድ ሞታ ብትገኝ የሚሻለው ሰው ፍቅሩ ፍቅር ይሁን ጭካኔ እኔ መፍረድ አቃተኝ። አንቺ ስንት ዓይነት ሰው ሆነሽ የኖርሽ ነሽ፤ አንቺ ፍረጂው። ከሁለታችሁ በኋላ የምቀረው እኔ ነኝና፣ የተጫወትሽውን ሁሉ አንድ በአንድ ማስታወስ ባልችል እንኳ፣ አባዬ ተመስገን ሲል የነበረውን ፊቱን እስክሞት ድረስ አልረሳልሽም።

ልጅሽ ብርሃኔ፣
አቃቂ